ዕቃ ሲጠፋ ሰው እንዳይጠፋ

በአገራችን አንድ የከበረ ዕቃ ከቤት የጠፋ እንደ ሆነ መጀመሪያ የሚነሣው ጥያቄ «ዕቃው የት ገባ?» የሚለው አይደለም፤ «ቤት ውስጥ ማን ነበር?» የሚለው ነው። ሁለቱ ጥያቄዎች ለጆሮ የሚቀራረቡ ቢመስሉም መንገዳቸው ለየቅል ነው። የፊተኛው ዕቃን ይፈልጋል፤ የኋለኛው ሰውን ይፈልጋል። ዕቃን የሚፈልግ ሣጥኑን፣ ጓዳውን፣ መዝገቡንና የገበያውን መንገድ ይመረምራል። ሰውን የሚፈልግ ግን ዐይኑን ወዲያውኑ የሚጥለው በቅርቡ ባለውና አቅም በሌለው ላይ ነው፤ በሠራተኛዪቱ፣ በዘበኛው፣ ከሌላ አገር በመጣው እንግዳ ላይ። የሰረቀ አንድ ኃጢአት ሲኖርበት የተሰረቀ ግን በብዙ ኃጢአት ይወድቃል የሚለው የአባቶች አነጋገርም የመነጨው ከዚህ ይመስለኛል። ሌባው የወሰደው አንድ ዕቃ ነው፤ ባለንብረቱ ግን ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ አገልጋዩን ሁሉ በልቡ እስር ቤት ያስገባል።

በዚህ ጽሑፍ ላነሣው የፈለግሁት ጉዳይ ይኸው ነው። የከበረ ዕቃ በጠፋ ቁጥር ከዕቃው ጋር አብሮ የሚጠፋ ሰው አለ። ዕቃው አንዳንድ ጊዜ ይመለሳል። ሰውየው ግን መመለሱን የሚጠይቅለት እንኳ አያገኝም።

የቀድሞው ኅብረተሰባችን የጠፋን ነገር ለማውጣት ከነበሩት ዘዴዎች ሁለቱ እጅግ የታወቁ ናቸው። አንደኛው አፈርሳታ ወይም አውጫጭኝ የሚባለው ነው። ከብት ሲሰረቅ፣ ጎጆ ሲቃጠል ወይም ሰው ተገድሎ ሲገኝ የአካባቢው ሰው ሁሉ ተጠርቶ በአንድ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል። በደለኛው እስኪታወቅ ድረስ ወደ እርሻውና ወደ ቤቱ መመለስ አይፈቀድለትም፤ የቀረ ሰው ይቀጣል። ሁሉም በተራው ይምላል። አንድ ሰው እውነቱን እያወቀ በአደባባይ ለመናገር የፈራ እንደ ሆነ ቃሉን በሥውር ያደርሳል፤ ያን ጊዜ ምስክሩ በስሙ አይጠራም፤ «ወፍ» ይባላል። በደለኛው ካልወጣ ደግሞ የአገሩ ሰው በሙሉ ተዋጥቶ የጠፋውን ይከፍላል።

በዚህ ሥርዓት ውስጥ ሊናቅ የማይገባ ጥበብ አለ። አንደኛ፣ የአንዱ ጉዳት የሁሉ ዕዳ መሆኑን ያውቃል። ሁለተኛ፣ ምሥጢር እንዲወጣ ከተፈለገ ለተናጋሪው መጠለያ ያስፈልገዋል ብሎ ያስባል፤ «ወፍ» የተባለው ያ መጠለያ ነው። ይሁን እንጂ ጉድለቱም የዚያኑ ያህል የጎላ ነው። የእህሉ ጊዜ የሚያልፍበት ገበሬ፣ ልጆቹ ያለ ጠባቂ የቀሩበት አባት፣ ከዚያ ሜዳ ለመውጣት ሲል ብቻ በጣቱ ወደ አንድ ሰው ሊያመለክት ይችላል። ወፉም ሁልጊዜ እውነተኛ ወፍ አይደለም፤ የድንበር ጠበኛ ወፍ ሆኖ የመጣበት ጊዜ አልጠፋም። ደራሲ ሣህለ ሥላሴ ብርሃነ ማርያም እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻ በእንግሊዝኛ ባሳተሙት «አፈርሳታ» በተባለው ልቦለዳቸው የአንድ ገበሬ ጎጆ መቃጠልን መነሻ አድርገው የአንድን አገር ሰው ኑሮ፣ ወግና ሙግት በዚህ ሸንጎ ዙሪያ አሳይተውናል። ለደራሲ ይህን ያህል የሚሆን መድረክ ማግኘት ቀላል አይደለም፤ አፈርሳታ ሰውን ሁሉ በአንድ ጥርጣሬ ሥር የሚያቆም ሸንጎ ነውና።

ሁለተኛው ዘዴ ሌባ ሻይ ነው። በዚህኛው አንድ ልጅ መድኃኒት የተባለ ነገር እንዲጠጣ ይደረግና ወገቡ በገመድ ታስሮ ይለቀቃል። ልጁ ራሱን እንደ ሳተ እየተንገዳገደ ከቤት ቤት ይሄዳል፤ ገብቶ የተኛበት ቤት ባለቤት ሌባ ነው ተብሎ ይያዛል። አፈርሳታ ቢያንስ የሰውን ቃል ይሰማል። ሌባ ሻይ ግን ቃልን ከነጭራሹ አስወግዶ የአንድን ሕፃን መንገዳገድ ማስረጃ ያደርጋል። ገመዱን የያዘው ሰው ማን እንደ ነበረ፣ በየትኛው በር ላይ ጠበቅ በየትኛው በር ላይ ላላ ያደርገው እንደ ነበረ ግን የጠየቀ ጥቂት ነው። የሁለቱም ዘዴዎች መሠረታዊ ችግር አንድ ነው፤ የሚፈልጉት የጠፋውን ዕቃ ሳይሆን የሚከፍለውን ሰው ነው።

እነዚህ ነገሮች ያለፈ ዘመን ወግ ብቻ ናቸው የሚል አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ ግን ሜዳውና ገመዱ ቢቀሩም አስተሳሰቡ በየጓዳችን ተሰውሮ እንደ ኖረ በልጅነቴ አይቻለሁ።

ያደግሁት በአንዲት የሸዋ አነስተኛ ከተማ ነው። በሰፈራችን አንዲት የተከበሩ ወይዘሮ ነበሩ፤ ከእናታቸው የወረሱት የወርቅ ድሪ ነበራቸው። ያ ድሪ የእርሳቸው ብቻ አልነበረም ማለት ይቻላል፤ በሰፈሩ የተዳረች ሙሽራ ሁሉ አንድ ቀን አጥልቃዋለች። ሠርግ በደረሰ ቁጥር የሙሽራዪቱ እናት ነጠላዋን አጣፍታ ትመጣለች፤ ወይዘሮዋም ከሣጥናቸው አውጥተው በነጭ ጨርቅ ጠቅልለው ይሰጣሉ። አንድ የጥምቀት ዋዜማ ሣጥኑ ሲከፈት ጨርቁ አለ፤ ድሪው የለም።

በቤቱ ውስጥ ከገጠር የመጣች፣ ዕድሜዋ ከዐሥራ አምስት የማይበልጥ ሠራተኛ ነበረች። የሣጥኑ ቁልፍ በትራስ ሥር እንደሚቀመጥ ታውቃለች። ይህ በቂ ሆኖ ተገኘ። ሽማግሌዎች ተቀመጡ፤ መሐላ ተጠየቀች፤ ማለች። የማለችው መሐላ ግን የሚታመነው ለሌላው ሰው እንጂ ለእርስዋ አልነበረም። «እሜቴ፣ ቁልፉን ዐውቀዋለሁ፤ ድሪውን ግን ሰው አንገት ላይ እንጂ በእጄ አላውቀውም» ስትል በአጥር ቀዳዳ ከሰሙት ልጆች አንዱ እኔ ነበርሁ። የቤቱ ጌታ፣ የወይዘሮዋ ባል፣ በዚያ ሁሉ ጊዜ በረንዳው ላይ ተቀምጠው አንድም ቃል አልተናገሩም። ዝምታቸውን ሰዎች የትልቅ ሰው ትዕግሥት አድርገው አመሰገኑት። ልጅቱ ሦስት ሌሊት ታስራ ተለቀቀች። በአራተኛው ቀን ጠዋት በነጠላዋ ጫፍ ትንሽ ነገር ቋጥራ ከከተማው ወጣች። ወዴት እንደ ሄደች የጠየቀ አልነበረም።

ከስድስት ዓመት በኋላ በከተማው የታወቀ አንድ አራጣ አበዳሪ ሞተ። ወራሾቹ የመያዣውን ዕቃ ሁሉ ከነወረቀቱ ሲለዩ አንድ የወርቅ ድሪ አገኙ። በወረቀቱ ላይ የተበደረው ገንዘብ ልክ፣ ቀኑና ፊርማው በግልጽ ሰፍሯል፤ ፊርማው የባልየው ነበር። ወራሾቹ ዕዳው ተከፍሎ ድሪው እንዲወሰድ ለመነጋገር ወደ ቤቱ መጡ። ወይዘሮዋ ድሪውን ተቀበሉ፤ ከዚያ ቀን በኋላ ግን አንገታቸው ላይ አላደረጉትም፤ ለሙሽራም አላዋሱትም። ልጅቱን ፈልገው ይቅርታ ለመጠየቅ ሰው ላኩ። በዚህ ጊዜ ነው በቤቱ ውስጥ የአባቷን ስም ወይም የመጣችበትን መንደር በትክክል የሚያውቅ ሰው እንዳልነበረ የታወቀው። «ልጅት» ትባል ነበር፤ ያለ ስም መጥታ ያለ ስም ሄዳለች። ድሪው ወረቀት ነበረው፤ ስለዚህ ወደ ባለቤቱ ተመለሰ። ልጅቱ ግን አንዲት መስመር የተጻፈላት አልነበረችም፤ ስለዚህ ጠፍታ ቀረች።

ከአንድ ቤት ጓዳ ወደ አገር ታሪክ ብንሻገር ይህ ነገር መልኩን ይለውጣል እንጂ ባሕርዩን አይለውጥም። በረንዳ ላይ ተቀምጦ ሌሎች ሲፈልጉ ዝም ያለው ሰው በታሪክም ውስጥ አለ፤ እንዲያውም ስሙና ማዕርጉ ተመዝግቦ ይገኛል።

ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. መቅደላ በእንግሊዝ ጦር እጅ ወደቀች፤ ዐፄ ቴዎድሮስም ራሳቸውን ሠዉ። ከጦሩ ጋር የብሪቲሽ ሙዚየም ባልደረባ የሆነ ሪቻርድ ሆልምስ የተባለ ሰው አብሮ መጥቶ ነበር። ከዕቃ ሁሉ ይልቅ እጁን የጣለው «ኵርዓተ ርእሱ» በተባለው ሥዕል ላይ ነው። ይህ ሥዕል የእሾህ አክሊል የደፋውን ክርስቶስን የሚያሳይ፣ በአውሮፓውያን አሳሳል የተሠራ፣ በኢትዮጵያ ነገሥታት ዘንድ እጅግ የተከበረ ነበር። ነገሥታቱ ወደ ጦር ሜዳ ይዘውት ይዘምታሉ፤ መኳንንቱም በፊቱ የታማኝነት መሐላ ይምላሉ። እ.ኤ.አ. በ1744 በዳግማዊ ኢያሱ ዘመን በስናር ዘመቻ ተማርኮ በገንዘብ ተዋጅቶ እስከ መመለስ ደርሷል። ከመቅደላ ሲወጣ ግን በይፋ ወደ ሙዚየም አልገባም፤ ሆልምስ ለራሱ አደረገው።

ዐፄ ዮሐንስ ፬ኛ በጥር 1864 ዓ.ም. በአክሱም ዘውድ ጫኑ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ለንግሥት ቪክቶሪያ ደብዳቤ ጽፈው ሁለት ነገር ለይተው ጠየቁ፤ አንዱ የክብረ ነገሥት መጽሐፍ፣ ሁለተኛው ይኸው ሥዕል ነበር። ከእንግሊዝ በኩል ክብረ ነገሥቱ ተመለሰ፤ በእጃቸው ሁለት ቅጂ ስለ ነበራቸው አንዱን ሰጡ። ስለ ሥዕሉ የመጣው መልስ ግን አልተገኘም፣ ወደ እንግሊዝ አገርም የመጣ አይመስለንም የሚል ነበር። ይህ መልስ በሚጻፍበት ጊዜ ሆልምስ የት ነበር? እ.ኤ.አ. ከ1870 ጀምሮ በዊንዘር ቤተ መንግሥት የንግሥቲቱ የመጻሕፍት ቤት ኃላፊ ሆኖ ይሠራ ነበር። ጠያቂው ንጉሠ ነገሥት ነው፤ የተጠየቀችው ንግሥት ናት፤ መልሱን የሚያውቀው ሰው የንግሥቲቱ ባለሟል ነው፤ ግን ዝም አለ። ሥዕሉ የእርሱ መሆኑ በፎቶግራፍ ታትሞ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1905 ነው፤ ያን ጊዜ ዐፄ ዮሐንስ ካረፉ ዐሥራ ስድስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሆልምስ በ1911 ሞተ፤ ሥዕሉ በ1917 በለንደን በጨረታ ተሸጠ፤ ከዚያም ከእጅ ወደ እጅ ተዘዋውሮ ፖርቱጋል ገባ።

የሰፈራችን ባልና የዊንዘሩ ባለሟል በዘመንም በአገርም አይገናኙም። የሚያገናኛቸው የዝምታቸው ዓይነት ነው። ሁለቱም ዕቃው የት እንዳለ ያውቃሉ፤ ሁለቱም ሌላው ሲፈልግ ያያሉ፤ የሁለቱም ክብር መሸሸጊያ ሆኖላቸዋል። የተከበረን ሰው የሚጠረጥር የለምና። በአፈርሳታው ሜዳ ላይ ወፉን ያስፈለገው የደኻውን ፍርሃት ለመሸሸግ ነበር፤ ክቡራኑ ግን ያለ ወፍም ያለ ሜዳም በማዕርጋቸው ብቻ ይሸሸጋሉ።

እንግዲህ ምሥጢር ሁሉ ክፉ ነው ማለት ነውን? አይደለም። ለዚህ ምስክር የሚሆነኝ የጨለቆት ዘውድ ታሪክ ነው።

ጨለቆት በትግራይ የምትገኝ ናት፤ የሥላሴ ቤተ ክርስቲያኗ በራስ ወልደ ሥላሴ ዘመን የታወቀች ነበረች። ከንዋየ ቅድሳቷ አንዱ በ18ኛው መቶ ዘመን የተሠራ፣ ከመዳብ ተቀጥቅጦ ወርቅ የተቀባ ዘውድ ነው፤ ክርስቶስና ሐዋርያት ተቀርጸውበታል፤ ራስ ወልደ ሥላሴ እንደ ሰጡት ይታመናል። እንዲህ ያለ ዘውድ በዓለም ላይ ሃያ ያህል እንኳ እንደማይገኝ ባለሙያዎች ይናገራሉ። ይህ ዘውድ እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ከቤተ ክርስቲያኑ ጠፋ።

በዚያው ዘመን በሆላንድ አገር በሮተርዳም ከተማ ሲራክ አስፋው የተባለ ኢትዮጵያዊ ስደተኛ ይኖር ነበር። አገሩን ለቆ የወጣው በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው። ቤቱ ለብዙ ኢትዮጵያውያን ማረፊያ ነበር፤ ከአገር የመጣ እንግዳ ምግብና አልጋ ያገኝበታል። እ.ኤ.አ. በ1998 ከእንደዚህ ዓይነቶቹ እንግዶች የአንዱን ሻንጣ ሲመለከት በውስጡ ዘውዱን አገኘ። ሲራክ የታሪክ ሊቅ ወይም የቤተ መዘክር ባለሙያ አልነበረም። ነገር ግን እንዲህ ያለ ዕቃ በሰው ሻንጣ ውስጥ ሊሆን እንደማይገባው ለማወቅ ሊቅ መሆን አያስፈልግም። ዘውዱ ወደ አገሩ ለመመለስ ካልሆነ በቀር ከዚህ ቤት እንዳይወጣ ወሰነ፤ የመጣበትም ግፊትና ቁጣ አላስለወጠውም።

ከዚህ በኋላ ያለው ጊዜ ሃያ አንድ ዓመት ነው። ይህን ቁጥር በጥሞና ማሰብ ያስፈልጋል። አንድ ተራ ሰው ዋጋው የማይታወቅ የአገር ሀብት በቤቱ ሸሽጎ ሃያ አንድ ዓመት ኖረ። ቢናገር ዘውዱ እንደገና ወደማይታወቅ እጅ ይገባል ብሎ ሰጋ፤ ለየትኛው ባለ ሥልጣን ቢሰጠው እንደሚደርስ እርግጠኛ መሆን አልቻለም። ዝም ቢል ደግሞ ራሱ የተሰረቀ ዕቃ ይዞ የተገኘ ሰው ነው። በር በተንኳኳ ቁጥር ይህ ሰው ምን ያስብ እንደ ነበረ መገመት አያዳግትም። እ.ኤ.አ. በ2019 በአገራችን የመንግሥት ለውጥ ከታየ በኋላ የተሰረቁ የሥነ ጥበብ ሥራዎችን በመከታተል የታወቀውን ሆላንዳዊ አርተር ብራንድን አግኝቶ ምሥጢሩን ገለጠ። ዘውዱ በጥብቅ ጥበቃ ሥር ተቀመጠ፤ በባለሙያ ተመረመረ፤ በየካቲት 2012 ዓ.ም. በሆላንድ መንግሥት አማካይነት አዲስ አበባ ገብቶ ለኢትዮጵያ ተረከበ።

አንድ ተጠራጣሪ አንባቢ «ሲራክስ ቢሆን ሃያ አንድ ዓመት ሙሉ ደብቆ የለምን? ከሆልምስ በምን ይለያል?» ሊለኝ ይችላል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በአፈርሳታ ዘመን ቢሆን ኖሮ ሁለቱም በአንድ ገመድ ይታሰሩ ነበር። ልዩነቱ ያለው ግን በመሸሸጉ ላይ አይደለም፤ በተሸሸገለት ሰው ላይ ነው። ሆልምስ ሥዕሉን የሸሸገው ከባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ በደብዳቤ ሲጠይቅ እያየ። ሲራክ ዘውዱን የሸሸገው ለባለቤቱ ነው፤ ባለቤቱ መቀበል የሚችልበት ቀን እስኪመጣ። የመጀመሪያው ምሥጢር በጊዜ ብዛት ንብረት ወደ መሆን አዘነበለ፤ በመጨረሻም ተሸጠ። ሁለተኛው ምሥጢር በጊዜ ብዛት ሸክም ሆነ፤ በመጨረሻም ተወረደ። አንድ ምሥጢር የየትኛው ወገን እንደ ሆነ ለመለየት ከዚህ የተሻለ ሚዛን አላውቅም፤ ለያዘው ሰው ትርፍ ሆኗል ወይስ ሸክም?

ከዚህ ጋር የሚነጻጸር ሌላም አለ። በስኮትላንድ ዋና ከተማ በኤዲንበርግ በአንድ ቤተ ክርስቲያን ቁም ሣጥን ውስጥ ከመቅደላ የተወሰደ ታቦት ከመቶ ሠላሳ ዓመት በላይ ተቀምጦ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2001 ያገኙት የዚያው ቤተ ክርስቲያን ካህን ቀደም ሲል በኢትዮጵያ ኖረው ስለ ነበረ ምን እንደ ሆነ ዐወቁ፤ ዐውቀውም ዝም አላሉም። ታቦቱ በ1994 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲገባ ሕዝቡ በእልልታ ተቀበለው። ለዚህ ሁሉ መነሻ የሆነው አንድ ሰው ቁም ሣጥን ከፍቶ ያየውን ነገር በስሙ መጥራቱ ነው።

በእነዚህ ታሪኮች ውስጥ ደስ የሚያሰኘው የዕቃዎቹ መመለስ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን በመካከሉ ያለው ጊዜ ነው። ከአንድ ገዳም ወይም ደብር ንዋየ ቅድሳት ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚጠረጠረው ማን ነው? ቁልፍ የያዘው ነው። ዕቃ ቤቱን የሚጠብቁት ካህን፣ ሌሊቱን በደጀ ሰላሙ የሚያድረው ዘበኛ፣ ለመቅደሱ ጧፍ የሚያደርሰው ዲያቆን ናቸው። ዘውዱ በሮተርዳም ቤት ውስጥ በተቀመጠበት ሃያ አንድ ዓመት ውስጥ ሌባው ማን እንደ ሆነ የማያውቅ ምእመን በጥምቀት በዓል ታቦት አጅቦ ሲወጣ ካህናቱን በምን ዐይን ይመለከት ነበር? ካህናቱስ እርስ በርሳቸው? የተሰረቀ ቅርስ በጨረታ ላይ ዋጋ ይወጣለታል፤ በመንደሩ ውስጥ የፈረሰውን መተማመን ግን የሚተምነው ነጋዴ የለም።

ስለዚህ መፍትሔውን ከወዴት እንፈልገው? ሌባን በመርገም ብቻ አይገኝም። የጨለቆት ዘውድ የጨለቆት መሆኑን ለመለየት ከረዱት ነገሮች አንዱ፣ አንድ ካህን ያንን ዘውድ ደፍተው የተነሡት ፎቶግራፍ ነው። ይህን ነገር ደጋግሜ አስቤዋለሁ። ዐሥር ሺህ ሰው በሜዳ ላይ ቢምል ሊያረጋግጠው የማይችለውን ነገር አንዲት የፎቶግራፍ ወረቀት አረጋገጠችው። የላሊበላው «አፍሮ አይገባ» መስቀልም በ1989 ዓ.ም. ተሰርቆ ቤልጅጋዊ በሆነ ቅርስ ሰብሳቢ እጅ ከተገኘ በኋላ በ1993 ዓ.ም. ወደ ስፍራው ተመልሷል፤ መልኩ በዓለም የታወቀ መስቀል ስለ ነበረ የእኔ ነው ብሎ ለዘለቄታው ሊሰውረው የሚችል አልነበረም። ከዚህ የምንረዳው መዝገብና ሥዕል ሁለት ሥራ እንደሚሠሩ ነው። ዕቃውን ለባለቤቱ ይመሰክራሉ፤ ንጹሑን ጠባቂም ከጥርጣሬ ያወጣሉ። ሰው ሁሉ ስለ ፊተኛው ይናገራል፤ እኔ የኋለኛው ይበልጥብኛል።

የቅርስ ጥናትና ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ እንዲመዘገብ ደንግጓል። ሕጉ ግን በራሱ እግር ገደል ወጥቶ፣ ገዳም ገብቶ፣ የብራና መጽሐፍ ገጽ አይቆጥርም። ይህን የሚያደርገው ሰው ነው፤ ያም ሰው አብዛኛውን ጊዜ በአቅራቢያው ያለው መምህር ነው። የታሪክ መምህር ከተማሪዎቹ ጋር በአንድ ቅዳሜ ወደ ደብሩ ወጥቶ፣ ከአለቃው ፈቃድ ጠይቆ፣ ሊታይ የተፈቀደውን መስቀል ቁመትና ስፋት ቢለካ፣ ቢነድፍ፣ ፎቶግራፍ ቢያነሣ፣ የሰጪውን ስምና የጠባቂውን ስም ቢጽፍ፣ ከአፈርሳታ ሁሉ የሚበልጥ ሥራ ሠርቷል። የሥነ ጥበብ ሰውም በበኩሉ ብሩሹንና ካሜራውን ለዚህ ቢያውለው ሥራው ከጥበብ አያንስም። የመንደሩ አስተዳዳሪ ይህን መዝገብ በአንድ ቅጂ በወረዳው፣ በአንድ ቅጂ በደብሩ ቢያስቀምጥ፣ የነገውን ጥርጣሬ ዛሬ ከሥሩ ነቀለው ማለት ነው።

በዚያ መዝገብ ላይ ሊቀር የማይገባ አንድ ዓምድ አለ፤ እርሱም የጠባቂው ስም ያለበት ነው። የጠባቂው ሙሉ ስም፣ የአባቱ ስም፣ የመጣበት አገር፣ ያገለገለበት ዘመን። ስለ ወርቁ ክብደትና ስለ ዕንቁው ቁጥር ለመጻፍ የማይሰለች ብዕር ያን ሁሉ ዘመን በር ላይ ለቆመው ሰው አንድ መስመር ሊነፍገው አይገባም። ዕቃ ሲጠፋ በመጀመሪያ የሚጠራው የእርሱ ስም ነው፤ እንግዲያስ ዕቃው በደኅና በተቀመጠበት ጊዜም ይጠራ። ዘውዱ ከተሠራ ሁለት መቶ ዓመት አልፎታል፤ በእነዚህ ዓመታት ውስጥ በየተራቸው ቁልፉን ይዘው፣ ሳይሰርቁ፣ ሳያሰርቁ፣ ለተከታያቸው አስረክበው ያለፉ ጠባቂዎች አሉ። የአንዱ ሌባ ወሬ አውሮፓ ደርሷል። የእነዚያ የታመኑ ሰዎች ስም ግን አብዛኛው በአፍ እንኳ አልቀረም፤ ከጠፉብን ቅርሶች ሁሉ ብዙው ይህ ነው።